የልዩ ልዩ አገሮችን ሰዓት በሰንጠረዥ ስለ መያዝ

ከውጭ አገር ጋር የሚገበያይ ነጋዴ የዕቃውን ልክና የዋጋውን ልክ በጥንቃቄ ይመዘግባል። ዋጋው የሚጸናበት፣ ወደቡ ጭነት መቀበሉን የሚያቆምበት፣ ሰነዱ ለባንክ የሚቀርብበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ የየትኛው አገር ሰዓት እንደ ሆነ ሳይገለጽ ቁጥሩ ብቻ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፣ በንግድ ቤት ጸሐፊዎች ዘንድ የተፈተነውን የአመዘጋገብ ዘዴ ለአንባቢዎች ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ለምሳሌ በጓንግዦ የሚገኝ አንድ አቅራቢ «ይህ ዋጋ የሚጸናው እስከ ዓርብ 17:00 ነው» ብሎ ጻፈ እንበል። አስመጪው 17:00 ማለት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። የቁጥሩ አነባበብ ትክክል ነው፤ ሰዓቱ ግን የጓንግዦ ነው። ቻይና በመላ አገሯ ግሪንዊችን በ8 ሰዓት በሚቀድም አንድ ሰዓት ስለምትጠቀም፣ የጓንግዦ 17:00 በግሪንዊች 09:00፣ በአዲስ አበባ 12:00፣ ይኸውም በአገራችን አቈጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ መልስ እሰጣለሁ ያለ ነጋዴ ዋጋው አምልጦት ይገኛል።

በሌተር ኦፍ ክሬዲትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600፣ ባንክ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የሚቀርብለትን ሰነድ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት በአንቀጽ 33 ይደነግጋል። ሰነዱ የሚቀርበው ለሐምቡርግ ባንክ ከሆነ፣ የሚታየው የሐምቡርግ ሰዓት እንጂ የላኪው ሰዓት አይደለም።

አንደኛው መመሪያ፣ ሰዓትን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በቃል አለመለወጥ ነው። 8 ከተሞች ቢኖሩ፣ ሁለት ሁለቱን ለማነጻጸር 28 ልዩነቶችን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሁሉም ከግሪንዊች ጋር ቢነጻጸሩ ግን 8 ቁጥሮች ይበቃሉ። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው፦

| ከተማ | መደበኛ ልዩነት | በሙቀት ወራት |
|---|---|---|
| ኒው ዮርክ | −5:00 | −4:00 |
| ለንደን | 0:00 | +1:00 |
| ሐምቡርግ | +1:00 | +2:00 |
| አዲስ አበባ | +3:00 | +3:00 |
| ዱባይ | +4:00 | +4:00 |
| ሙምባይ | +5:30 | +5:30 |
| ጓንግዦ | +8:00 | +8:00 |
| ቶኪዮ | +9:00 | +9:00 |

ጅቡቲ፣ ናይሮቢ፣ ጅዳና ኢስታንቡል ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ስላላቸው ለየብቻ መጻፍ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው መመሪያ፣ ልዩነቱ የከተማው ብቻ ሳይሆን የቀኑም መሆኑን ማወቅ ነው። በሰንጠረዡ «የሙቀት ወራት» የተባለው የሰሜኖቹ በጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ጊዜ በእኛ ክረምት ላይ ይውላል፤ ስለዚህ «በጋ» የሚለውን ቃል በመዝገብ መጻፍ ያሳስታል። የአውሮፓ አገሮች ሰዓታቸውን ወደ ፊት የሚያስኬዱት በማርች የመጨረሻ እሑድ፣ የሚመልሱት በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ኒው ዮርክ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ ጀምራ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። በ2026 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ መጀመሪያ ማርች 8፣ የአውሮፓ ማርች 29 ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ በለንደንና በኒው ዮርክ መካከል ያለው ልዩነት 5 መሆኑ ቀርቶ 4 ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ በየትእዛዙ ረድፍ ከቀኑ ጋር ይጻፍ።

ሦስተኛው መመሪያ የአገራችንን አቈጣጠር ይመለከታል። ከአዲስ አበባ የ24 ሰዓት ቁጥር ላይ 6 ሲቀነስ የእኛ ሰዓት ይገኛል፤ ውጤቱ ከ12 ቢበልጥ 12 ይቀነሳል፤ ከ1 ቢያንስ 12 ይጨመራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌሊቱ ነው። የኒው ዮርክ ደንበኛ እስከ ሰኞ 16:00 መልስ ቢጠይቅ፣ በሙቀት ወራት ጊዜው በአዲስ አበባ ሰኞ 23:00፣ ማለት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። በመደበኛው ወራት ግን 00:00 ይሆንና በእነርሱ አቈጣጠር ቀኑ ማክሰኞ ይባላል። እኛ ቀንን ከንጋት ስለምንቈጥር ያንኑ ሰዓት የሰኞ ሌሊት እንለዋለን። «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ግን ማንም አይሳሳትም።

አራተኛው መመሪያ ስለ ሰንጠረዡ አሠራር ነው። ተራ ጽሑፍ በሚጻፍበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዐምዶቹን በቀጥ ያለ ሰረዝ እየለዩ መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያው ዐምድ ቀኑን፣ ሁለተኛው ደንበኛው የጻፈውን ሰዓት ሳይለወጥ፣ ሦስተኛው ከተማውን፣ አራተኛው የዕለቱን ልዩነት፣ አምስተኛው የግሪንዊችን፣ ስድስተኛው የአዲስ አበባን፣ ሰባተኛው የእኛን ሰዓት ይያዝ። ቀኑ ከዓመተ ምሕረቱ ተጀምሮ፣ ወሩ፣ ዕለቱና ሰዓቱ በሁለት በሁለት አሐዝ ይጻፉ። 9:00 የነበረው 09:00 ከተባለ ፕሮግራሙ ረድፎቹን ሲደረድር በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይመጣሉ።

ኢማክስን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በሰንጠረዡ ውስጥ ሒሳብም ይሠራሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ይታወሱ። የሙምባይ 5:30 በነጥብ 5.30 ተብሎ ቢጻፍ፣ ፕሮግራሙ 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ አድርጎ ስለሚቈጥረው 12 ደቂቃ ይጐድላል፤ በነጥብ የሚጻፍ ከሆነ 5.5 መባል አለበት። ደግሞም መደመሩ 26:00 ቢያወጣ 24 ቀንሶ ቀኑን በአንድ ማሳደግ፣ ከዜሮ በታች ቢወርድ 24 ጨምሮ ቀኑን በአንድ መመለስ የጸሐፊው ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰዓቱ ሳይሆን ይህ ቀን ነው።

ባለሱቆችም ቢሆኑ ከዱባይ በስልክ ሲያዝዙ ይህንኑ ሥርዐት በአንድ ደብተር ገጽ ሊይዙት ይችላሉ። ወደ ውጭ በሚጻፍ ደብዳቤም ሰዓቱ ከነቦታው ይገለጽ፤ ለምሳሌ «ዓርብ 12:00 በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ይኸውም 09:00 በግሪንዊች» ተብሎ ቢጻፍ፣ ተቀባዩ በየትኛውም አገር ቢሆን የራሱን ሰዓት ያለ ጥርጥር ያወጣል።