በይፋት በር የገባው እንግዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ከጎኑ ያስቀምጣል፤ የደጋው ብርድ በዚያ ያበቃልና። ከዚያ ጀውሃንና ሰንበቴን ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አጣዬን ያገኛታል። ኤፍሶን በሚባለው ስሟም የምትታወቀው ይህች ከተማ በኤፍራታና ግድም ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፣ በገበያዋ ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን፣ ቆለኛው ማሽላውንና ማሾውን ይዞ ይገናኝባታል። በዚህ የይፋት ቆላ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ውሃውንና ገበያውን እየተጋራ የኖረ ስለሆነ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው፣ ካህንም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ነገር ማን በምን ቋንቋ ሰላም እንደሚባል ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በደረሰው ግጭት ከተማዋ ተቃጥላ ሕዝቧ በተሰደደ ጊዜም የአገሩ ተወላጅ እንኳ ተመልሶ እንደ አዲስ ሰፋሪ ጎጆ ለማቆም ተገዶ ነበር። በይፋት እንግድነት ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ ልናወሳላችሁ ያሰብነው በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ሸዋ ስለ ገባ አንድ የባዕድ አገር ወጣት ነው። ይህ ሰው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ነው። ሃይማኖቱ ፕሮቴስታንት፣ ላኪው በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነበር። የትምህርቱን ልዩነት አንሥተን ለመከራከር አይደለም፤ አባቶቻችን በጊዜው ተከራክረውታል። የእኛ አሳብ አንድ ወጣት ሰባኪ በሰው አገር ሲቀመጥ ምን እንደሚያገኘውና ምን እንደሚያጣ ለመመልከት ነው።

ክራፍ በ1802 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ተወለደ። በባዝል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1830 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዓድዋ ገባ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ነበር። ነገር ግን ዕቃውን ፈትቶ ሳይደላደል፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ ደጃዝማች ውቤ ከጓደኞቹ ጋር ከትግራይ አስወጣው። አንድ ጊዜ የተባረረ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። እርሱ ግን ሌላ በር ፈለገ፤ ያም በር የሸዋ በር ነበረ።

ከጓደኛው ከካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ ጋር በ1831 ዓ.ም. ከታጁራ ወደብ ተነሥተው ከግመል ነጋዴዎች ጋር የአፋርን በረሃ ከአንድ ወር በላይ ተጓዙ። በመጨረሻም ከአንኮበር ግርጌ ወደምትገኘው ወደ ፋሬ ደረሱ። ፋሬ ከአጣዬ በስተደቡብ በዚያው በይፋት ቆላ ያለች ስትሆን፣ በዘመኑ ከባሕር የሚመጣ ቅፍለት ሁሉ ወደ ሸዋ የሚገባባት ኬላ ነበረች። ወደ ንጉሡ ሳይነገር፣ የንጉሡም ፈቃድ ሳይመለስ ማንም ወደ ደጋው አይወጣም ነበር። እንዲሁም ንጉሡ ሳያሰናብተው ከአገር የሚወጣ እንግዳ አልነበረም፤ በሩ ለመግባትም ለመውጣትም አንድ ቁልፍ ነበረው። ፈቃዱ በደረሳቸው ጊዜ ሽቅብ ወጥተው በሰኔ ወር መጀመሪያ በአንጎለላ ከሸዋና ከይፋት ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ።

ሣህለ ሥላሴ ሰውን በደግነት የሚቀበል፣ ነገር ግን የሚፈልገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ንጉሥ ነበረ። ሁለቱ እንግዶች ትምህርት ቤት ለመክፈት ማሰባቸውን በነገሩት ጊዜ፣ ለአገሩ የሚያስፈልገው ሐኪም፣ ግንበኛና ቀጥቃጭ መሆኑን ገለጠላቸው። የመጡበትን ነገር አልከለከላቸውም፤ አልለመናቸውምም። ለሚሲዮን ሰው ከቁጣ ይልቅ የሚከብደው እንዲህ ያለው ትሕትና የተመላበት መልስ ሳይሆን አይቀርም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እንደ ዓድዋው ጊዜ ጓዝን ጠቅልሎ መሄድ ይቻል ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ክራፍ በአንኮበር ተቀመጠ። ለንጉሥ እንግዳ እንደሚደረገው ሁሉ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር። ይህን ነገር ትንሽ እናስተውለው። ሊመግብ የመጣው ሰው ተመጋቢ ሆነ፤ እንጀራውም ወጡም የሚመጣለት፣ ትምህርቱ ይሻሻል ዘንድ ይገባል ብሎ ካሰበው ቤት ነበር። በኅዳር 1832 ዓ.ም. ኢዘንበርግ ተሰናብቶ ሲሄድ ደግሞ ብቻውን ቀረ። የትውልድ ቋንቋውን የሚያናግረው ወዳጅ በአጠገቡ የሌለ የ29 ዓመት ጎልማሳ፣ በአንኮበር ጉም ውስጥ እንዴት እንደሚያመሽ መገመት አያስቸግርም።

የብቸኝነቱን ጊዜ ግን በከንቱ አላሳለፈውም። ግእዝና አማርኛ ቀድሞ የተማረ ቢሆንም፣ ከመጽሐፍ የተማሩት አማርኛ ከገበያው አማርኛ ምን ያህል እንደሚርቅ በውጭ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ቤቱ ካህናትና ደብተራዎች ይመጡ ነበር። ስለ ጾም፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳን ምልጃ ይጠይቁታል፤ በዚያን ዘመን ሸዋን ይከፋፍል ስለ ነበረው ስለ ልደት ክርክርም ምን እንደሚል ለማወቅ ይፈትኑታል። ከለንደን የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ሲሰጣቸው ብዙዎቹ የግእዙን ይመርጡ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ያንን የአማርኛ ትርጉም የሠራው ባዕድ አልነበረም፤ በካይሮ ተቀምጦ የደከመበት አባ አብርሃም የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ክራፍ በአንኮበር የሚያድለው መጽሐፍ እንግዲህ የአገሩ ሰው ላብ ነበረ።

ጥቂት ልጆችንም በቤቱ ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ንጉሡ በሚዘምትበት ጊዜ ተከትሎ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ከኦሮሞ ሕዝብ ጋር ተዋወቀ። ቋንቋቸውን ከአፋቸው እየሰማ ተማረ፤ የሰዋስው መጽሐፍ ጀመረ፤ የማቴዎስን ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ይህንንም በላቲን ፊደል ጻፈው፤ የፊደሉ ጉዳይ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲያነጋግር የኖረ ነው። እንደ እኛ አሳብ፣ በሸዋ ካሳለፈው ጊዜ ሁሉ የተሻለው ሥራው ይህ፣ ተማሪ ሆኖ የተቀመጠበት ሥራ ነው።

ነቀፋ የሚገባውን ደግሞ ዝም ብለን አናልፍም። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሻምበል ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ሸዋ በገባ ጊዜ ክራፍ በአስተርጓሚነት አገለገለ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ላይም እጁ ነበረበት። የወንጌል መልእክተኛ የመንግሥት መልእክተኛን ጉዳይ ሲሸከም ሰው ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ገበሬ እንኳ በአንድ ቀንበር ሁለት ጌታ አያገለግልም። ውሎ አድሮ ንጉሡ በባዕዳን ላይ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ክራፍም ከዚያው ተቈጠረ።

እዚህ ላይ የአባታችን የፍሬምናጦስ ነገር ትዝ ይለናል። እርሱም ባዕድ ወጣት ነበረ፤ ነገር ግን በአክሱም ቤተ መንግሥት አድጎ፣ አገሩን አገልግሎ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያሰኘውም በሕዝቡ መካከል የፈጀው ዕድሜ ጭምር ነው። ክራፍ በሸዋ የቈየው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ነው።

በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሣ። ምክንያቱ ሁለት ነበር፤ ወደ ሸዋ ሊመጡ ያሰቡትን አዲስ ጓደኞቹን ለመርዳትና፣ ሮዚና ዲትሪሽ የተባለችውን እጮኛውን በግብፅ ተቀብሎ ለማግባት። የአፋሩ መንገድ ስላሰጋው በወሎ በኩል ወደ ምጽዋ ለመውጣት ቈረጠ። በወሎ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት በመጀመሪያ በመልካም ተቀበለው፤ መንገድ ተበላሽቶበት ወደ እርሱ በተመለሰ ጊዜ ግን አስሮ ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ከሸዋ በንጉሥ እንግድነት የወጣው ሰው፣ ቀሪውን መንገድ ከመንደር ወደ መንደር ምጽዋት እየለመነ ሄደ። የለመናቸውም ገበሬዎች ሰጡት፤ ባይሰጡትማ ምጽዋ ባልደረሰ ነበር። ሊያስተምራቸው ከመጣው ሰው ሃይማኖቱን አልተቀበሉም፤ ርሃቡን ግን አላለፉትም።

በግብፅ ሮዚናን አግብቶ በ1835 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ታጁራ ተመለሰ። የይፋት በር ግን ተዘግቶ ቈየው፤ ሸዋ እንዳይገባ ተከለከለ። የአንኮበር ቤቱን፣ ያስተማራቸውን ልጆች፣ የለመደውን ገበያ ዳግመኛ አላየም። ከሸዋ ያገኛቸው የብራና መጻሕፍት ግን ቱቢንገን ደርሰው ነበር። በአውሮፓ የጠፋው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ጠብቃ ያቈየችው፣ ሊቁ ዲልማን በጀርመንኛ ተርጉሞ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያሳወቀው ክራፍ ባገኘው ቅጂ ነው። ሊያስተምር መጥቶ ተምሮ የሄደ ሰው ከእርሱ ሌላ ምስክር አያሻውም።

በታጁራ በኩል ቢከለከል በምጽዋ በኩል ሞከረ። በዚያው በ1835 ዓ.ም. ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ወደ ሐማሴን ሲጓዝ፣ በሳሆዎች በረሃ ምጧ ድንገት መጣ። ቤት በሌለበት፣ አዋላጅ በሌለበት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ወዲያውም ሞተች። ስሟም «እንባ» ተባለ። ሮዚና ሸዋን አይታ አታውቅም፤ ባሏ አንኮበር ተቀምጦ በለመደው ቋንቋ ግን ለልጇ ስም ወጣላት።

ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያን ትተው በባሕር ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በ1836 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሞምባሳ ገቡ። እንደገና አዲስ አገር፣ እንደገና አዲስ ቋንቋ ሆነ። ሁለት ወር ያህል እንደ ተቀመጡ ሁለቱንም ወባ ጣላቸው፤ በሐምሌ ሮዚና ሞተች፤ አዲስ የተወለደችው ሁለተኛዋ ልጃቸውም ተከተለቻት። ክራፍ ከበሽታው ተነሥቶ በዚያ አገር ዓመታት ቈየ፤ የስዋሂሊን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1842 ዓ.ም. የኬንያን ተራራ ካዩ አውሮፓውያን የመጀመሪያው ሆነ። በ1874 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአገሩ፣ በኮርንታል፣ ሲሞት በአልጋው አጠገብ እንደ ተንበረከከ ተገኘ።

ሮዚና ከመሞቷ በፊት የለመነችው ነገር ነበር፤ መቃብሯ በደሴቲቱ ሳይሆን ማዶ ባለው የብስ፣ የአገሩ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር እንዲሆን። እንዳለችውም ተደረገላት። ከሞምባሳ ማዶ፣ ከባሕሩ ዳር፣ መቃብሩ እስከ ዛሬ ይታያል።