ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት ይጻፍ

ላሟ ድምጿ ይለወጣል፤ ምራቋ ይዝረበረባል፤ የኋላ እግሯ ይከዳታል። አርሶ አደሩ “የዋጠችው ነገር አንቆ ይዟት ይሆናል” ብሎ እጁን ጉሮሮዋ ድረስ አስገብቶ ይፈትሻል። ላሟ በቀናት ውስጥ ስትሞት የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ ይነሳል፤ ከአንጎሏ ናሙና ተወስዶ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። በኋላ “አልተገኘም” የሚል ውጤት ይመጣል። በሽታው ስላልነበረ ነው ወይስ ናሙናው ስለተበላሸ?

ለእብድ ውሻ በሽታ ተመራጩ ምርመራ በቀዝቃዛ ሳጥን የመጣ ትኩስ አንጎል ይፈልጋል። ቫይረሱን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የሚያበራ ቀለም ተለጥፎበት በናሙናው ላይ ይደረግና በልዩ ማይክሮስኮፕ ይታያል። በረዶ በሌለበት፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት ወረዳ ግን ባለሙያው ፎርማሊን ይጠቀማል። በፎርማሊን የቆየ ናሙና በስሱ ተቆርጦ በፀረ እንግዳ አካል ይቀለማል፤ ቫይረሱ ካለ ቡናማ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ነው ሰዓት የሚቆጠረው።

ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚሰርገው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ እየዘገየ። ሰርጎ ከገባም በኋላ ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቡጢ የሚያህል አንጎል በትንሽ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ ቢላክ፣ ላዩ በስሎ መሃሉ ሊጥ እንደ ቀረ ድፎ ዳቦ ይሆናል። ሲቀለም ዳሩ ጥሩ ይይዛል፣ መሃሉ ደብዝዞ ይቀራል።

ሲበዛስ? ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስተሳስራል። ናሙናው መኪና እስኪገኝ መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ከቆየ እስሩ እየጠበቀ ይሄድና ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዝበት ቦታ ይሸፈናል። ቫይረሱ እያለ ቀለሙ አይታይም። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ናሙናን በፈሳሽ ውስጥ የማፍላት ዘዴ ይህን እስር በከፊል ይፈታል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። መሃሉ የበሰበሰ ናሙና ደግሞ በምንም አይመለስም። በመሆኑም ከሁለቱ ስህተቶች የከፋው ቶሎ ማውጣትና ወፍራም መቁረጥ ይመስለናል። ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ለሴቶች የጡት ካንሰር ምርመራ የወጣው የአሜሪካ መመሪያ እንኳ ናሙናው በፎርማሊን ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ይጠይቃል።

ለወረዳ ባለሙያ የሚሆነው ልክ ይህ ነው። ከአንጎል ግንድና ከትንሹ አንጎል የተወሰደው ቁራጭ ውፍረት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ግማሹ ቢሆን ይሻላል። ፎርማሊኑ የናሙናውን መጠን አሥር እጥፍ ይሁን። ከ37 እስከ 40 በመቶ ሆኖ የሚገዛው ፈሳሽ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይቀጠናል፤ አሲድነቱን የሚያስተካክል ጨው ካልገባበት ከደም ጋር ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህም መርማሪውን ያሳስታል። ቆይታው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። ጉዞው ከዚህ ከዘገየ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወር። በፎርማሊን ያለ ናሙና በረዶ ቤት አይገባም። ሲቻል ደግሞ የአንጎሉ ግማሽ ትኩስ ሆኖ በአይስ ቦክስ፣ ግማሹ በፎርማሊን ይላክ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋልና።

የራስ ቅሉን መክፈት ያለበት ክትባት የወሰደና የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። እጁን ጉሮሮዋ ውስጥ ያስገባው አርሶ አደርም የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅ፤ ወዲያው እጁን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከናሙናው ጋር በሚልከው ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌውና የእንስሳው ዓይነት ይሞላል። እንስሳው የሞተበት፣ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ካልተጻፈ ግን መርማሪው የደበዘዘ ቀለም ሲያይ ምክንያቱን መለየት አይችልም። አጻጻፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።