ጥርስ የሌለው የድሮ አውሬ

ምስጥን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጎተራ ይቦረቡራል፣ የቤት ምሰሶ ይበላል። ይኸን ምስጥ ቀለቡ አድርጎ የሚኖር አውሬም አለ። በአገራችን አዋልደጌሳ ሌሊት ወጥቶ ኩይሳ ይቆፍራል፤ ረጅም ምላሱን አስገብቶ ምስጡን ይለቅማል። በደቡብ አሜሪካም ጉንዳን በል የሚባሉ አውሬዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ታማንዱዋ ይባላል። ጥርስ የሚባል ነገር የለውም።

እንግዲህ ወደ ጀርመን አገር እንሂድ። ሜሰል በሚባል ቦታ ዘይት ያዘለ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ትልቅ ጉድጓድ አለ። ቦታው ከ47 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሐይቅ ነበር። እዚያ የሞቱ እንስሳት በጭቃ ተሸፍነው ቀሩ፤ ጭቃውም ጠጥሮ ድንጋይ ሆነ። ከዚሁ ድንጋይ ውስጥ የአንድ አውሬ አጽም ተገኘ። አፉ ሾጣጣ ነው፤ ጥርስ የለውም፤ የፊት እግሩም ለቁፋሮ የተሠራ ነው። ጌርሃርድ ሽቶርክ የሚባሉ ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጉንዳን በል ዘመድ ነው ብለው ኤውሮታማንዱዋ አሉት። የአውሮፓ ታማንዱዋ ማለት ነው።

ታዲያ የአሜሪካ አውሬ ጀርመን ምን አመጣው? ሌሎች ተመራማሪዎች አጥንቱን እንደገና አዩት። የአሜሪካ ጉንዳን በሎች በወገብ አጥንታቸው ላይ ተጨማሪ መገጣጠሚያ አላቸው። በዚህ አጽም ላይ ያ የለም አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ አውሬው የፓንጎሊን ዘመድ ነው ይላሉ። ፓንጎሊን በአፍሪካና በእስያ የሚኖር፣ ሰውነቱ በቅርፊት የተሸፈነ ጉንዳን በላተኛ ነው። ከአጽሙ ጋር ቅርፊት ስላልተገኘ መሳሳታቸው አያስፈርድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ገበሬዎች ድንጋያማ መሬት ቢደርሳቸው ሁለቱም ዶማ ያነሳሉ። ዶማቸው ስለተመሳሰለ ወንድማማች ናቸው ይባላል? አይባልም። አውሬም እንዲሁ ነው፤ ምስጥ ለመብላት ረጅም ምላስና ጠንካራ ጥፍር ያስፈልጋል። ያ የኛው አዋልደጌሳ እንኳ፣ እኔን እጅግ የገረመኝ ይኸ ነው፣ ከጉንዳን በሎቹ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል።

ጉድጓዱ ሥራው በ1971 እ.ኤ.አ. ካበቃ በኋላ የቆሻሻ መጣያ ሊሆን ታስቦ ነበር። የአካባቢው ሰዎችና ተመራማሪዎች ተቃወሙ። በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በቆሻሻ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው አጥንት ሁሉ አይታይም ነበር።

የአውሬው ስም ግን አልተቀየረም። መጀመሪያ የወጣ ስም ስለማይሻር፣ ዛሬም ኤውሮታማንዱዋ ይባላል።