«ሆድ ይፍጀው» እና የሥራ ቦታ በደል

ጣና ዳር ያለችው ከተማችን ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ ገንዘቡም ኢጣልያ ለጦርነቱ ጉዳት ከከፈለችው ካሣ የመጣ ነበር። ፈረቃ፣ ካቦና የወር ደመወዝ ለገበሬ ልጅ አዲስ ነገር ናቸው። በእርሻ ላይ ዝናም ሲቀር የሚወቀሰው ሰማይ ነው፤ ከደመወዝ የሚቆርጠው ግን ሰው ነውና «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ «ለምን?» አንዳንድ ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ ይከብዳል። ጄራልድ ግሪንበርግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት ከመቶ 15 ደመወዝ የተቀነሰባቸውን ሁለት ፋብሪካዎች አነጻጽሯል። በአንደኛው ምክንያቱ በዝርዝርና በአክብሮት ተነገረ፤ በሁለተኛው በአጭሩ ታለፈ። ቅነሳው እኩል ሆኖ ሳለ፣ የንብረት ስርቆት የባሰው በሁለተኛው ነው። ስርቆትን አናመሰግንም፤ ነገር ግን መልስ ያጣ ቅሬታ ሌላ መውጫ እንደሚፈልግ ከዚህ ይታያል።

በአገራችን የተለመደው መውጫ ዝምታ ነው። ዕድገቱ ለአለቃው ዘመድ የተሰጠበት ሠራተኛ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይሠራል፤ ሥራውን መውደዱ ግን ቀርቷል። ሌላው ጥሎ ይሄዳል። ብላትማንና ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ የጠየቁትን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ተገኝተዋል። ለዚህ የደመወዙ ማነስና የሥራው ድካም ድርሻ እንዳላቸው አይካድም፤ ሆኖም ጥሎ የሚሄድ ሰው ቅሬታውን ለማንም ሳይነግር ይዞት ስለሚሄድ፣ ለሚተካው ሰው ቦታው እንዳለ ይቆየዋል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በሕግ ፊት ግን ይነቅዛል። የሠራተኛ ማኅበርን ጉዳይ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አሁን በሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይቀራል። ሦስት ወር ሽማግሌ ሲመላለስ ያልቃል። ከመካከላችን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገቡት የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለ ሆነ፣ የዚያን ቀነ ገደብ ገና ሲቀጠሩ ጠይቀው ይወቁ።