ከማህፀን መውጣት ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ይጠበቃል?

በማህፀን መውጣት ችግር ለዓመታት የተሰቃዩ እናቶች ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሐኪማቸውን ብዙ ጊዜ «ወደ ሥራዬ መቼ እመለሳለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም እናት ከሥራ ስትርቅ የቤቱ ኑሮ ይናጋል። ይሁን እንጂ የቀዶ ሕክምናው ውጤት የሚወሰነው በሐኪሙ ሥራ ብቻ ሳይሆን በቀጣዮቹ ሳምንታት በሚደረገው ጥንቃቄም ጭምር ነው።

የማህፀን መውጣት የሚከሰተው ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና ፊንጢጣን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ሲላሉ ነው። ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ከባድ ሸክም፣ ሥር የሰደደ ሳልና የሆድ ድርቀት ለችግሩ ያጋልጣሉ። በቀዶ ሕክምናው የላላው አካል ይጠገናል፤ እንደ ሁኔታው ማህፀን ሊወገድም ይችላል። ማህፀኗ የተወገደ ሴት ከዚያ በኋላ የወር አበባ አታይም፤ አታረግዝም። ስለዚህ የሚደረግላት ሕክምና የትኛው እንደሆነ የስምምነት ፊርማ ከማኖሯ በፊት ጠይቃ መረዳት ይኖርባታል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሽንት ቱቦ ሊደረግላት ይችላል። መጠነኛ ሕመምም ያጋጥማል፤ በታዘዘው ማስታገሻ ይቀንሳል። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ለጥቂት ሳምንታት እየቀነሰ ሊታይ ይችላል። የተሰፋበት ክር ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚሟሟ ቁራጩ ቢወጣ አያስደነግጥም።

ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት አይመከርም፤ ሐኪሙ ጊዜውን ሊያራዝመው ይችላል። ውሃ የሞላ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ከዚህ አራት እጥፍ ይከብዳል። ልጅ ማዘልና እህል መውቀጥም እንዲሁ መቆየት አለባቸው። ይህ ማለት ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም። እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ በዝግታ መራመድ ይጠቅማል። የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ቁስሉ መዳኑን ሐኪም እስኪያረጋግጥ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት ይቆያል። ወደ ብልት ውስጥ ቅጠልም ሆነ ቅቤ ማስገባት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

ማማጥ ስፌቱን ስለሚጎዳ የሆድ ድርቀትን መከላከል ያስፈልጋል። በቂ ውሃ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያና ተልባ ይረዳሉ። ሳል ካለ መታከም፣ ከጭስም መራቅ ተገቢ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ወደ ውጭ የወጣውን አካል ወደ ቦታው ቢመልስም ሁሉንም ችግር ላያስወግድ ይችላል። የወገብ ሕመም ሌላ መንስኤ ካለው ይቀጥላል። አንዳንድ ሴቶች ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ለዚህም ሕክምና አለው። ችግሩ ተመልሶ የሚመጣባቸው እናቶችም አሉ። በሐኪም ምክር የሚጀመር፣ ሽንትን እንደመቋጠር ጡንቻን የማጥበቅ እንቅስቃሴ የዳሌ ጡንቻዎችን ያጠነክራል።

ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ያለማቋረጥ መፍሰስ፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ ምክር የሚፈጸመው ግን ቤተሰብ ሲተባበር ነው። «አትሸከሚ» የተባለች እናት ቤት ስትደርስ ውሃ የሚቀዳላት ከሌለ ጀሪካኑን ማንሳቷ አይቀርም። ስለሆነም ከቀዶ ሕክምናው ቀን አስቀድሞ ውሃውን፣ እንጨቱንና የሕፃናቱን እንክብካቤ ማን እንደሚሸፍን ባልና ልጆች ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። የሚቻል ከሆነ ባል በቀጠሮ ቀን አብሮ ቢገኝና ምክሩን ከሐኪሙ ቢሰማ ይመረጣል። እናቲቱም «ተሽሎኛል» ብላ ከክትትል ቀጠሮዋ መቅረት የለባትም።