የዲፈረንሻል ድምፅ መቼ ይሰማል?

«ከኋላ ይጮሃል።» መኪናውን ይዞ ጋራዥ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ የሚናገረው የለውም። መካኒኩም በዚህችው ፍንጭ ተነሥቶ ኩሽኔታ ይቀይራል፤ ድምፁ አልጠፋ ሲል ዲፈረንሻሉን ያወርዳል፤ ሁሉ ነገር ተፈትቶ ካበቃ በኋላ ጥፋቱ ወጥ ባልሆነ መልኩ የተበላ ጎማ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ሁሉ ወጪና ድካም መነሻው አንድ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው፦ ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው? ነዳጅ ሲረገጥ ነው? ሲለቀቅ? ሲታጠፍ? ወይስ ሁልጊዜ? በዲፈረንሻል ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ሸክም የሚያርፍበት የራሱ ጊዜ አለው። ጊዜውን በትክክል የያዘ ሰው አንድ ብሎን ሳይፈታ የችግሩን ቦታ ማጥበብ ይችላል።

ሁለት ሥራ በአንድ ሳጥን

እንደ ሃይስ ሚኒባስና እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና ባሉ በኋላ ጎማቸው በሚገፉ መኪኖች ጉልበቱ ከካምቢዮ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ትንሹ ማርሽ ፒኞን ይባላል፤ እሱ የሚያዞረው ትልቁ ደግሞ ኮሮና ነው። ሁለቱ ተነካክሰው የጉልበቱን አቅጣጫ ወደ ጎማዎቹ ያዞራሉ፤ ፍጥነቱን ቀንሰውም ኃይሉን ያበዛሉ።

ሁለተኛው ሥራ በመታጠፊያ ላይ የሚታይ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ያለው መኪና በመስቀለኛ መንገድ ወደ ጎን ሲታጠፍ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 2.36 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ቢታሰሩ አንደኛው መፋተጉ አይቀርም። በኮሮናው እቅፍ ውስጥ የተቀመጡት ትንንሽ ማርሾች ይህን ልዩነት ያስተናግዳሉ። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር ይህን ዘዴ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ያዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ነበር።

የድምፁ ሒሳብ

ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ያለው መኪና እንውሰድ። የጎማው ዙሪያ ሁለት ሜትር ቢሆንና መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ጎማው በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል፣ ፒኞኑ 34 ጊዜ ያህል ይዞራል። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው ደግሞ በሴኮንድ 340 ጊዜ ገደማ ነው። ይህ ለጆሮ አንድ ወጥ፣ ጥርት ያለ ዜማ ነው፤ ሹፌሮች «ያላዝናል» የሚሉት እሱን ነው። ከጎማ የሚመጣ ጉድለት ግን በሴኮንድ 8 ጊዜ እየተመላለሰ «ዉብ ዉብ ዉብ» ይላል። ጥርስ ያላዝናል፤ ጎማ ይደልቃል።

ቀጥሎ ድምፁ ከሞተርና ከካምቢዮ አለመምጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሜዳማና ጭር ባለ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ይቀይሩ። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ድምፁም ከቀጠነ ምንጩ ከፊት ነው። የሞተሩ ዙር ተለውጦ ድምፁ እንደነበረ ከቀጠለ ግን ከካምቢዮ በኋላ ያለውን ክፍል ይመርምሩ።

አምስቱ ጊዜያት

ነዳጅ ሲረገጥ። ፒኞን ኮሮናን የሚገፋው በጥርሱ በአንደኛው ገጽ ነው። መኪናው ጉልበት ሲያወጣ ብቻ የሚያላዝን ከሆነ፣ ያ ገጽ ተበልቷል ወይም ሁለቱ ማርሾች በትክክለኛ ቦታቸው አልተገናኙም።

ነዳጅ ሲለቀቅ። አሁን ጎማው ሞተሩን ይጎትታል፤ ሸክሙም ወደ ጥርሱ ሌላ ገጽ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ማላዘን ብዙውን ጊዜ የፒኞን ኩሽኔታ መላላቱን ወይም ፒኞኑን የያዘው ዳዶ መፈታቱን ይጠቁማል።

ሲታጠፍ ብቻ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ትንንሾቹ ማርሾች ከእቅፋቸው ጋር አብረው ይዞራሉ እንጂ በራሳቸው አይሽከረከሩም። ሥራ የሚጀምሩት በመታጠፊያ ላይ ነው። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ጭቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በከንቱ የተሽከረከረበት መኪና እዚህ ላይ ይጎዳል። የሚሽከረከረው ጎማ ከኮሮናው በእጥፍ ይፈጥናልና፣ ትንንሾቹ ማርሾች ዘይታቸውን ጨርሰው ይቃጠላሉ።

ሁልጊዜ። ቢረገጥም ቢለቀቅም የማይለወጥ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ወይም የጎማ ነው። መንገዱ ከአስፋልት ወደ ፒስታ ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጎማውን ይጠርጥሩ። መሪውን ወደ ግራ ቀስ ብለው ሲያዘነብሉ ከጨመረ፣ ሸክሙ ወደ ቀኝ ስለሚዞር የቀኙን የጎማ ኩሽኔታ ያስመርምሩ።

ሲነሣ «ጓ»። ማርሽ ሲገባ ወይም ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ አንዴ የሚሰማ ምት በጥርሶች መካከል የተፈጠረ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በረጅሙ ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ ሲያረጅ የሚያሰማው ምትም ይኸው ስለሆነ፣ ዲፈረንሻሉ ከመከፈቱ በፊት ክሮቼራው በእጅ እየተነቀነቀ ይታይ።

ዘይቱ ምን ይላል?

በአብዛኞቹ መኪኖች ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ይህ አሠራር ድምፁን ይቀንሳል፤ ጥርሶቹ ግን ከባድ ጫና ተሸክመው እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ተራ ዘይት አይበቃቸውም፤ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ጣሳው ላይ ጂኤል-5 የሚል ምልክት የታተመበት ዘይት ይፈልጋሉ። የዲፈረንሻል ዘይት የሚከረፋው በድኙ ምክንያት ነው።

ዘይቱን ለማየት መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ብሎን ነው። እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን አይንኩ፤ ዘይቱን አፍስሰው መልሰው መሙላት ያቅትዎታል። የላይኛው ከተፈታ ግን የታችኛውንም ብሎን ይፍቱና ማግኔቱን በጣት ይንኩት። እንደ ቅባት የሚልም ግራጫ ድቃቂ የተለመደ ነው። ለጥፍር የሚያዝ ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው።

ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ መግባቱን ይናገራል። በክረምት ወንዝ የሚያቋርጡ ሹፌሮች ምክንያቱን ቢያውቁት ይበጃቸዋል፦ የጋለው ሳጥን በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። የአየር መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ፣ ሳጥኑ ውሃውን በዘይት መከላከያ ጎማዎቹ በኩል ይስባል።

ሲከፈት

ምልክቱ ሁሉ ወደ ጥርሶቹ ካመለከተ፣ ጠንቃቃ መካኒክ በኮሮናው ጥቂት ጥርሶች ላይ ቀለም ቀብቶ በእጁ ያዞራል። ፒኞኑ የነካበት ቦታ ይጸዳል። የጸዳው ቦታ በጥርሱ ገጽ መሐል ካረፈ ግጥሙ ደህና ነው፤ ወደ ጫፍ ወይም ወደ ሥር ካደላ ግን ስስ የብረት ቀለበት በመጨመር ወይም በመቀነስ ይስተካከላል። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋትገው የተጣጣሙ ጥንድ ናቸውና አንዱን ከሌላ መኪና አምጥቶ መግጠም አዲስ ማላዘን መግዛት ነው።

ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ቀጭን ማላዘን ዘይቱን እየተከታተሉ ሊነዱት ይቻላል። በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ ጉርምርምታ፣ የብረት መፋጨት ወይም ስብርባሪ ያለበት ዘይት ግን መኪናውን ማቆም ይጠይቃል፤ የተሰበረ ጥርስ ኮሮናውን በጉዞ ላይ ሊቆልፍ ይችላልና። ጋራዥ ሲሄዱም አራት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ ድምፁ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር፣ ሲረገጥና ሲለቀቅ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን፣ ከመቼ ወዲህ እንደጨመረ። መካኒኩ ሳጥኑን ለመክፈትም ሆነ ላለመክፈት የሚወስነው በእነዚህ ነው።