የቆጠራ ውጤትና ትንበያ ሲለያዩ

በኅዳር ወር 2001 ዓ.ም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት 73 ሚሊዮን 918 ሺህ 505 መሆኑን ማመልከቱ ይታወሳል። በዚሁ ውጤት የአማራ ክልል ሕዝብ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሲሆን፣ ቀደም ሲል ከተተነበየው በ2 ነጥብ 4 ሚሊዮን ያህል ማነሱ ጥያቄ አስነሥቷል።

ልዩነቱን በቀጥታ "የጠፋ ሕዝብ" አድርጎ መውሰድ ግን ያሳስታል። ትንበያ ካለፈው ቆጠራ ተነሥቶ ስለ ውልደት፣ ሞትና ፍልሰት በሚወሰድ ግምት የሚሰላ እንጂ ሰው ተቆጥሮ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። በ1987 ዓ.ም ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 13 ነጥብ 8 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ተነሥቶ 17 ነጥብ 2 ሚሊዮን ለመድረስ በዓመት 1 ነጥብ 7 በመቶ፣ ትንበያው ወደሚያመለክተው 19 ነጥብ 6 ሚሊዮን ለመድረስ ደግሞ 2 ነጥብ 8 በመቶ ገደማ ዕድገት ያስፈልጋል። በዓመት አንድ በመቶ ያህል የሆነ የግምት ልዩነት በ13 ዓመታት ገደማ ሚሊዮኖችን ያስከትላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ቆጠራም ሰው ሊያልፍ ይችላል። ስሕተቱ ከሁለቱ በየትኛው እንዳለ ልዩነቱ ብቻውን አይናገርም፤ የቆጠራን ጥራት ለመመዘን የድኅረ ቆጠራ ናሙና ጥናት የሚካሄደውም ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ከክርክር ያለፈ ነው። የተቆጠረውን ሕዝብ በሙሉ ያዳረሰ አገልግሎት በትንበያው ቁጥር ሲካፈል አፈጻጸሙ 88 በመቶ ብቻ ሆኖ ይታያል። አካፋዩ ከእውነተኛው ቁጥር ሲያንስ ደግሞ ከመቶ በላይ የሆነ የክትባት ሽፋን በሪፖርት ላይ ሊሰፍር ይችላል። ሠራተኛው ሳይተጋ ወይም ሳይሰንፍ ውጤቱ ይለዋወጣል።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም እንዲካሄድ ታቅዶ የተራዘመ ሲሆን፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም እንደገና ተራዝሟል። በመሆኑም ለዕቅድ የሚያገለግለው በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ በ2005 ዓ.ም የወጣው ትንበያ ነው። መነሻው በራቀ ቁጥር፣ በተለይ በወረዳ ደረጃ፣ የስሕተቱ ስፋት ይጨምራል።

የመነሻው ቆጠራ ራሱም በአንድ ቀን የተከናወነ አልነበረም፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በግንቦት 1999 ዓ.ም፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000 ዓ.ም ተካሂዷል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የተቋቋሙት የሲዳማ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በዚያ ቆጠራ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር ስለሚገኙ፣ የቀድሞውን አኃዝ ከአሁኑ ጋር ለማነጻጸር አስቀድሞ የዞንና የወረዳ ቁጥሮችን በአዲሱ አከላለል መደመር ያስፈልጋል።